የጋሼ ትንፋሽ

ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ የአክስቴን ባል የሥራ አለቃው ክንዱን ደግፎ ወደ ቤት አመጣው። በሌላው እጁ የአውቶቡሱን ቁልፍ ይዞ ነበር። እኔ ከቺፕውዱ ግድግዳ ማዶ አልጋዬ ላይ እግሬን አጣጥፌ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ የኢንዛይም ስም እሸመድድ ስለነበር ቤት ውስጥ መኖሬን ማንም ልብ አላለም። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው አክስቴና ጋሼ ይተኛሉ፤ ቀን ቀን አክስቴ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋበታለች። በሁለተኛው እኔ ከመጻሕፍቴ፣ ከጨርቅ ጥቅልና ገና እጅጌ ካልተገጠመላቸው ሸሚዞች ጋር እኖራለሁ። በመካከል ያለው ግድግዳ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። አክስቴ ሻይ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመረች እዚህ ሆኜ መቁጠር እችላለሁ።

«እትዬ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለ አለቃው። የስምሪት ኃላፊ ነው፤ የትኛው ሹፌር የትኛውን መስመር እንደሚይዝ የሚወስነው እሱ ነው። «ግን ይሄ ሰው የሚጭነው ሠላሳ ስምንት ሕፃን ነው። ቁልፍ ሊወስድ ሲመጣ ተንገዳገደ። ምን ሆነ ብዬ ጠጋ ስል ትንፋሹ... እንግዲህ ምን ልበልሽ። ከዚያ ጎማው ሥር አስታወከ። ሹፌሩ ሁሉ አየ።»

«አልቀመስኩም» አለ ጋሼ። ድምፁ የደረቀ ዳቦ ይመስል ነበር። «ውኃ ስጡኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ሰኞ ኮሚቴ ፊት ይቅረብና እዚያ ያስረዳ።» አለቃው ትንሽ ቆመ፤ እንዲቀመጥ እስኪጋበዝ የጠበቀ መሰለኝ። ሳይጋበዝ ወጣ።

አክስቴ ዝም አለች። እሷን ለማያውቅ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። እኔ ግን አክስቴ ከሬዲዮ ዜና አንባቢ ጋር ስትከራከር፣ መርፌ ሲሰበርባት መርፌውን ስትሰድብ ነው ያደግኩት። ዝም ስትል መጽሐፌን ዘጋሁ። ጋሼ ድሮ ይጠጣ ነበር። እኔ ወደዚህ ቤት ከመምጣቴ በፊት ስለነበር በወሬ ነው የማውቀው፤ አንድ ቀን ግን ተወው፣ ተወው ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሰው ቤት ሲጋበዝ እንኳ ብርጭቆውን ይገለብጠዋል። ያን ሁሉ ዓመት የለፋበት ስም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰው አፍንጫ ምክንያት ጎማ ሥር ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ የዕቃ ድምፅ ተሰማ። አክስቴ ፍተሻ ጀምራለች። ከአልጋው ሥር ጫማውን አወጣች፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ መጥረጊያ ሰደደች፣ የጨርቁን ጥቅል ገለበጠች። ከጥቅሉ ጀርባ ሰባት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውኃ ነበር።»

«ሰባት ጠርሙስ ውኃ? ግመል ነህ?»

«ይጠማኛል አልኩሽ እኮ። ሌሊት ሌሊት ይጠማኛል።»

ወደ እነሱ ስገባ አክስቴ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ታሸታለች። ምንም ስላልሸተታት ይበልጥ ተናደደች። «አጥቦታል» አለችኝ። «አየሽ? ጠጥቶ አጥቦታል!» ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሆዱን ይዞ፣ ወለሉን ያያል። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ነበረ። ላለፉት ሁለት ወራት አክስቴ ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጥብባለታለች፤ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትል ነበር ለጎረቤት፣ በኩራት ጭምር። እኔም ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ሸተተኝ። በፌስታል ታስሮ የተረሳ የበሰለ ፍራፍሬ የመሰለ፣ ጣፋጭ ሆኖ አፍንጫ የሚወጋ ነገር። አዲስ የወጣ የፍራፍሬ መጠጥ መሆን አለበት ብዬ አዘንኩለት። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ፣ የእኔ ክፍል ግድግዳ ሞልቶ ወደ እነሱ ከተሻገርኩ በኋላ የለጠፍኩት ወረቀት ነበር፤ በቀይ ማርከር «አሴቶን፦ በትንፋሽ ይወጣል» ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ጋሼ ከሥሩ ተቀምጦ ይተነፍሳል፤ እኔ ደግሞ አዝኜለት ቆሜያለሁ።

አክስቴ ወደ ምድጃው ዞረች። ስካርን በጣፋጭ ነው የሚሰብሩት የሚል ከድሮው ዘመን የተረፈ እውቀት አላት። ሎሚ ጨመቀች፣ ማር ጨመረች፣ ማሩ ያነሰ ሲመስላት ስኳር ደገመችበት። «ስኳር እንዲህ በተወደደበት ጊዜ» እያለች አምስት ማንኪያ ሞጀረች። ጋሼ ውኃ ያለው ነገር በማግኘቱ ብቻ ደስ ብሎት ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ሂጂ አንቺ» አለችኝ አክስቴ፣ ፊቷን ሳትመልስ። «ፈተናሽ እንዳያልፍሽ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ የጀመረውን ይጨርስ።»

ፈተናው የባዮኬሚስትሪ የቃል ፈተና ነበር፤ ለእኔ ለሁለተኛ ጊዜ። በመጀመሪያው ወድቄያለሁ፤ የወደቅኩት ግን ሳላጠና አይደለም። ሕክምና ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ያጠናሁት ነገር የለም። ዘዴዬ የአክስቴ የስፌት መኪና ነበር። እሷ ስትሰፋ እኔ ከጎኗ ቆሜ በፔዳሉ ምት የኢንዛይሞቹን ስም እደረድራለሁ፤ ረጅም ስፌት ሲሆን ረጅሙን ዑደት፣ የቁልፍ ቀዳዳ ሲሆን አጭር አጭሩን። ከልምዱ ብዛት አክስቴም ትከተለኝ ጀምራ ነበር። አሴታይል ኮኤ የሚባለውን በየገጹ ስለምጠራው ሰው መስሏት፣ «ያ አሴታይል ዛሬም አለ?» ትለኛለች። በመጀመሪያው ፈተና ላይ ስለ አንድ ቢጫ ስለሆነ አራስ ሕፃን ስጠየቅ አንድ ሙሉ ዑደት ከነቅርንጫፉ አነበነብኩት። መምህርቷ አስጨርሰው «ሕፃኑስ?» አሉኝ። ስለ ሕፃኑ የምለው አልነበረኝም።

ተማሪው ሁሉ እኚህን ሴት «ታካሚውስ» ነው የሚላቸው። ፕሮፌሰር ታካሚውስ። ምን ያህል በትክክል ብትመልስላቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው «እሺ፤ ታካሚውስ?» ይላሉ። በፈተና ክፍላቸው ሦስት ወንበር አለ፤ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የተፈታኙ፣ ሦስተኛው ባዶ ነው። ባዶው የታካሚው ነው። ዕቃ እንዲቀመጥበት አይፈቅዱም። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ቦርሳውን አስቀምጦበት «ጭኑ ላይ ነው ያስቀመጥክበት፣ አንሣ» ብለውታል ይባላል።

አራት ሰዓት ላይ ተጠራሁ። ስልኬን በር ላይ አስረክቤ ገባሁ። ከተዘረጉት ካርዶች አንዱን አነሣሁና አነበብኩ፦ ጉበት ስብን ወደ ኪቶን የሚለውጠው መቼና እንዴት ነው? ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ይሄ የሸሚዝ ጎን ስፌት ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ የማያቋርጥ። ትንፋሽ ሰበሰብኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። ሁለት አሴታይል ኮኤ ተጋጠሙ፣ ሦስተኛው ተጨመረ፣ ኢንዛይሙ በሙሉ ስሙ ተጠራ፣ ተቆረጠ፣ ተለወጠ፣ ከአንዱ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጣና አሴቶን ቀረ። ስጨርስ ግንባሬ በላብ ርሶ ነበር። ፕሮፌሰሯ በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ሣር የሚያጭደውን ሰውዬ ያያሉ።

«ጨረስሽ?»

«አዎ ፕሮፌሰር።»

«ዜማው ጥሩ ነው» አሉ። መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታካሚውስ?» በብዕራቸው ወደ ባዶው ወንበር ጠቆሙ። «ይኸው ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። በምን ታውቂዋለሽ?»

«ትንፋሹ አሴቶን አሴቶን ይላል።»

«ያንን መጽሐፉም ያውቀዋል። ሚስቱ ግን መጽሐፉን አላነበበችም። ከሥራ ሲገባ ሸተታት። ምን ትለዋለች?»

«ጠጥተሃል ትለዋለች» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሲያልቅ ነው የሰማሁት። ባዶውን ወንበር አየሁት። ጋሼ ተቀምጦበት ታየኝ ማለቴ አይደለም፤ የታየኝ ሱሪው ነው።

«ሁለት ጊዜ አጠበበችለት» አልኩ።

«ምኑን?»

«ሱሪውን። ሰባት ጠርሙስ ውኃ ጠጥቷል። ግመል ነህ አለችው።»

ፕሮፌሰሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የማን ሱሪ ነው የምታወሪልኝ?»

«የጋሼ። የአክስቴ ባል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሰክረሃል ብለው ወደ ቤት መለሱት። አስታውኳል፤ ሆዱን ያመዋል። አክስቴ ስካሩ እንዲበርድለት ማር በሎሚ እየሰጠችው ነው።»

«ማር?» አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሂጂ አላሉኝም እኮ።»

ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፉት። የአክስቴን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ደወልኩ። ስታነሣ ከኋላዋ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፤ አክስቴ ስትናደድ ትሰፋለች።

«እትዬ፣ ጋሼ እንዴት ነው?»

«ተኝቷል። ተራራ የወጣ ይመስል በኃይል ይተነፍሳል። ሦስተኛውን ብርጭቆ አስጨርሼዋለሁ።»

«አራተኛ እንዳትሰጪው! ማር የለ፣ ስኳር የለ፣ ምንም ጣፋጭ ነገር እንዳትሰጪው!»

«ምነው? ማሩ እኮ ንጹሕ ነው።»

«አልሰከረም እትዬ። ታሟል። ስኳር ነው።»

«ስኳር?» አለች አክስቴ ተቆጥታ። «ሻዩን በግማሽ ማንኪያ ነው የማጠጣው፤ እኛ ቤት ምን ስኳር አለና ነው?»

«በሽታው ነው! ታክሲ ጥሪና አሁኑኑ ወደ እኛ ሆስፒታል አምጪው።»

«የሰከረ ሰው ተሸክሜ ሄጄ ነርስ ትስደበኝ?»

ፕሮፌሰሯ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ወሰዱት። «እመቤት፣ ይስሙኝ። ባለቤትዎን ዛሬ ሐኪም ካላየው ላይተርፍ ይችላል። ልብስ አይቀይሩ፣ ቤት አያጽዱ። ይነሡና ይምጡ።» ከወዲያ በኩል መኪናው ቆመ። ፕሮፌሰሯ የስልካቸውን ድምፅ በጣም ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩትና የአክስቴ ድምፅ እኔ ድረስ ደረሰ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«አስተማሪዋ ነኝ።»

«አለፈች?» አለች አክስቴ።

ፕሮፌሰሯ በመነጽራቸው አናት አዩኝ። «መጀመሪያ ሰውየውን ያምጡልኝ» አሉና ዘጉ።

ሆስፒታሉ ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ ግቢ ነው። የድንገተኛው በር ላይ ቆሜ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያጠናሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰው ሆኖ መጣብኝ። ሌሊት ሌሊት በሩን እየከፈተ ሽንት ቤት የሚመላለሰው ጋሼ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥናቴን አቋረጠኝ ብዬ ጆሮዬ ላይ ትራስ እጭን ነበር። ታክሲው ሲቆም አክስቴ ቀድማ ወረደች። አንገቷ ላይ የልኬት ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ደረቷ ላይ ስምንት የሚያህል ስፒል ተሰክቷል፣ በእግሯ የጋሼን ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ሁለታችን ደግፈን አስገባነው። በቅርብ ሳየው የሚተነፍሰው ከሆዱ ጀምሮ ነበር፤ በረጅሙ፣ በኃይል፣ አንድም ሳያርፍ።

በር ላይ ያለችው ነርስ «ምን ሆኖ ነው?» አለች።

አክስቴ መዋሸት አትችልም። «አለቃው ጠጥቷል ይላል፣ እሱ አልጠጣሁም ይላል፣ ይቺ ደግሞ ስኳር ነው ትላለች።»

ነርሷ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው አፍንጫ አላምንም። «እዚያ ጥግ አልጋ ላይ አስተኙት» አለች፣ ሌላ ካርድ እያነሣች። «ሲበርድለት ይታያል። ዛሬ ብቻ ሦስተኛው ሰካራም ነው።»

በዚያች ቅጽበት ሙሉ ዑደቱ ምላሴ ላይ መጥቶ ተሰለፈ። አሴታይል ብዬ ልጀምር አፌን ከፍቼ ነበር። ዋጥኩት።

«ስኳሩን ለኪው» አልኩ። «አንድ ጠብታ ደም ነው። ከተሳሳትኩ ይሄን ወለል በሙሉ እወለውለዋለሁ።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ዶክተር ናት» አለች አክስቴ። ትምህርት ቤት ከገባሁበት ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ፤ አትክልት ሻጯም፣ ዳቦ ቤቱም በእሷ ምክንያት ዶክተር ይሉኛል።

«ዶክተር ነሽ?»

«ሁለተኛ ዓመት ነኝ።»

«የምን ስፔሻሊቲ ሁለተኛ ዓመት?»

«ሁለተኛ ዓመት... ሁለተኛ ዓመት ብቻ።»

ነርሷ ሳቀች፤ ሳቋ ይመስለኛል ያዳነን። እየሳቀች መለኪያውን አወጣች፣ የጋሼን ጣት ወጋች፣ ጠብታውን አስነካች። ሦስታችንም የመለኪያውን ትንሽ መስኮት ስናይ ቁጥር መምጣት ሲገባው ፊደል መጣ። የነርሷ ሳቅ ጠፋ።

«ስንት አለ?» አለች አክስቴ።

«ከመለኪያው በላይ ነው። ከፍተኛ ነው የሚለው።»

«ከፍተኛ?» አክስቴ እጆቿን አጨበጨበች። «ተመስገን!» ለእሷ ከፍተኛ የሚባል ነገር የምታውቀው በትምህርት ቤት ካርዴ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንም አላናገረንም። አልጋው በሩጫ ወደ ውስጥ ተገፋ፣ መጋረጃ ተሳበ፣ አንድ ወጣት ሐኪም እጅጌውን እየሰበሰበ ገባ። ውኃ በሁለት እጁ ተሰካለት፣ ኢንሱሊን ተጠራ፣ ደም ተቀዳ። ከመጋረጃው ሥር የሚታየን ጫማ ብቻ ነበር፤ ጫማዎቹ ሲፈጥኑ ልባችን ይፈጥናል፣ ሲቆሙ ይቆማል። መተላለፊያው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አክስቴ ከደረቷ ላይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅላ መልሳ ሰካቻቸው። ብዙ ከቆየች በኋላ «አስረጂኝ» አለች።

«ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን አለ...»

«እንደሱ አይደለም። ለእኔ አስረጂኝ።»

አሰብኩ። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር እያየሁ፣ «ልክ ጨርቅ ቤትሽ ሞልቶ የመጋዘኑ ቁልፍ የጠፋብሽ ያህል ነው» አልኳት። «ጨርቁ እስከ ጣራ ተከምሯል፤ አንቺ ግን አንዱንም ማውጣት አትችዪም። መኪናው ደግሞ መቆም የለበትም። ምን ታደርጊያለሽ? መጋረጃውን ታወርጃለሽ፣ የለበስሽውን ትተረትሪያለሽ፣ እሱን ትሰፊያለሽ። ጋሼ የከሳው ለዚያ ነው። የራሱን ስብ እየተረተረ ነው የሚኖረው። የሸተተን ከዚያ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ነው። ቁልፉ ነው ኢንሱሊን።»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም ተጨማሪ ጨርቅ ስከምርበት ዋልኩ» አለች ቀስ ብላ። «በማር።» ከዚያ ዞራ አየችኝ። «እና ይቺን ለመናገር ነው ሁለት ዓመት ግድግዳዬ ላይ ወረቀት ስትለጥፊ የኖርሽው?»

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ፕሮፌሰሯ ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መጡ። ከወጣቱ ሐኪም ጋር አጠር አድርገው ተነጋገሩ፣ የደም ውጤቱን አዩ፣ መጋረጃውን ገልጠው ጋሼን አዩት። ሲወጡ አክስቴ ተነሥታ ቆመች። «ይተርፋል» አሏት። አክስቴ መልሳ ተቀመጠች። ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንሱሊኑ ሲጀመር የፖታስየሙ ነገር ለምን ያሳስበናል?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። እንደማላውቅ ነገርኳቸው፤ ዜማ አልፈለግኩለትም። «ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ትመጪያለሽ፤ ከዚያ እንቀጥላለን» አሉ።

«አላለፈችም?» አለች አክስቴ ደንግጣ። «ሰው አዳነች እኮ!»

«ሰው ያዳነችው ጥያቄውን ሳትጨርስ ነው» አሉ ፕሮፌሰሯ። ሄዱ። አክስቴ ከኋላቸው «ደንቆሮ» ስትል ሰማኋት፤ ቀጥላም «ግን ጎበዝ ሴት ናት» አለች። እኔ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጬ ስለ ፖታስየም ያለውን ገጽ አነበብኩ። ስኳሩ ወደ ሕዋሱ ሲገባ ፖታስየሙንም አስከትሎ ከደም ውስጥ ያጎድለዋል፤ ካልተጠበቀ ልብ ያቆማል። ተመልሼ መጋረጃው ሥር ስደርስ ሐኪሙ ወደተንጠለጠለው የውኃ ከረጢት ውስጥ ያንኑ ሲጨምር አገኘሁት። ስንት ገጽ ሳነብ ኖሬ፣ አንብቤው የገባኝ የመጀመሪያ ገጽ እሱ ነው።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። ወጣቱ ሐኪም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አስረዳው፤ በሽታው ምን እንደሆነ፣ ከእንግዲህ በየቀኑ መርፌ እንደሚወጋ፣ ስኳሩ እስኪስተካከል መሪ እንደማይዝ። ጋሼ በትዕግሥት አዳመጠ።

«ወረቀቱ ላይ አልጠጣም የሚል አለ?» አለ።

«ደምህ ውስጥ አልኮል የለም። መርምረናል።»

«ጻፈው።»

«ተጽፏል።»

«በትልቁ ጻፈው» አለ ጋሼ።

የስምሪት ኃላፊው የመጣው ያኔ ነው። አክስቴ ከቀትር ጀምራ ስድስት ጊዜ ደውላለታለች፤ በስድስተኛው ምን እንዳለችው አላውቅም፣ በሥራ ልብሱ እንዳለ ነው እየሮጠ የመጣው። ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ የማንጎ ጭማቂ በፌስታል ይዟል። ነርሷ በር ላይ ነጠቀችው። አልጋው እግር ሥር ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል።

«ጠጋ በል» አለው ጋሼ።

«ግድ የለም፣ እዚህ ደህና ነኝ።»

«ጠጋ በል አልኩህ።» አለቃው ጎንበስ አለ። ጋሼ አፉን ከፍቶ በረጅሙ ተነፈሰበት። «አሁንስ?»

«አሁንማ... ሳሙና ሳሙና ነገር።»

«ጠዋት ምን አልክ?»

«ተሳስቻለሁ።»

«ለእሷ ንገራት» አለ ጋሼ፤ በአገጩ ወደ አክስቴ አመለከተ። «ለእኔማ ምን ያደርግልኛል? እኔ እንዳልጠጣሁ አውቀዋለሁ።»

አለቃው ወደ አክስቴ ዞሮ «እትዬ፣ ተሳስቻለሁ» አለ። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗን ግን ከወለሉ አላነሣችም። ሰኞ ኮሚቴ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ጋሼ መሪ እስኪይዝ ድረስ ስምሪት ክፍል ከእሱ ጋር እንደሚቀመጥ፣ ጠዋት ያዩት ሹፌሮች ሁሉ ነገ እንደሚነገራቸው ተናግሮ ሄደ።

ሦስታችን ቀረን። ከረጢቱ ጠብ ጠብ ይላል። አክስቴ አንሶላውን አስተካከለች፣ ያስተካከለችውን እንደገና አስተካከለች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች።

«ንገሪኝ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሸሚዝህን ከማጠቤ በፊት ኮሌታውን አሸታለሁ። አንድም ቀን አላለፈኝም።»

እኔ የከረጢቱን ጠብታ እንደምቆጥር ሆኜ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ።

«አውቃለሁ» አለ ጋሼ።

«ከየት ታውቃለህ?»

«ለዚያ አይደል እንዴ ሁልጊዜ ከሌላው ልብስ ለይቼ ከላይ የማስቀምጥልሽ? ስትፈልጊ እንዳትቸገሪ ብዬ።»

አክስቴ የአንሶላውን ጠርዝ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ስፌቱን ትመረምር ጀመር። ከዳር እስከ ዳር፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ለረጅም ጊዜ መረመረችው።

«ይሄን የሰፋው ሰው» አለች በመጨረሻ፣ «እጁ ጭራሽ አይረባም።»